በቤት የተቀዳ ዜማ መቼ ይፈጸማል?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል የድምፅ መቅጃ መሣሪያ ከመፈልሰፉ እጅግ ቀድሞ የተነገረ ነው። ዜማን በተመለከተ ግን ብሂሉ የእውነቱን ግማሽ ብቻ ይናገራል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ በአሥራ ስድስተኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የቅዱስ ያሬድ ዜማ በምልክት እንዲጻፍ በማድረጋቸው ዜማው ከመረሳት ድኗል፤ ሆኖም ምልክቱን በትክክል የሚያዜመው ከመምህሩ አፍ የሰማ ደቀ መዝሙር ብቻ ነው። የመምህሩ ድምፅ፣ የትንፋሹ አወጣጥና የጉሮሮው ቅላት በብራናው ላይ አልቀሩም። የአንድ ሰው ድምፅ ከባለቤቱ ዕድሜ አልፎ ለመወረስ የቻለው ሸክላና ቴፕ ከመጡ ወዲህ ነው።

በአገራችን ይህ ታሪክ የሚጀምረው በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ዓመታት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ዘፈናቸውን በሸክላ ባስቀረፁ ጊዜ ነው። ከዚያ አንሥቶ ለረጅም ዘመን ዜማን ማስቀረፅ የመንግሥት፣ የማኅበር ወይም የነጋዴ ሥራ ሆኖ ቆየ። ባለዜማው በራሱ ቤት፣ በራሱ መሣሪያ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ዜማውን ለመቅዳት የቻለው ካሴት ከተስፋፋ በኋላ ነው። ይህም አዲስ ነፃነት አዲስ ጥያቄ አስከትሏል፤ ይኸውም በቤት የተቀዳ ዜማ ተፈጸመ የሚባለው መቼ ነው? ማንስ ይፈጽመዋል? የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ የሁለት ኢትዮጵያውያንን ሥራ መመልከት ይጠቅማል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ከሸክላ ወደ ካሴት

በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ሥልጣንን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ይህን አጥር በ1969 የጣሰው የሃያ አራት ዓመቱ ወጣት አምኃ እሸቴ ነው። የመጀመሪያው ሥራው የዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ ሲሆን፣ እስከ 1975 ድረስ ባሉት ስድስት ዓመታት 103 ትናንሽ ሸክላዎችንና 12 አልበሞችን አሳትሟል። የአምኃ ድፍረት የሚደነቅ ቢሆንም፣ የሥራው ባሕርይ የዘመኑን ችግር ጭምር ያሳያል። ሸክላው የሚታተመው በባሕር ማዶ ነበር፤ ወጪው ከፍ ያለ፣ የሚመለስበትም ጊዜ የዘገየ ነበር። ስለሆነም ባለዜማው ምንም ያህል ችሎታ ቢኖረው፣ ገንዘቡን የሚያወጣና ገበያውን የሚያውቅ አሳታሚ ካላገኘ ዜማው ከአዳራሽ ወይም ከምሽት ክበብ አያልፍም ነበር።

ካሴት ይህን ሥርዓት ለወጠው። የፊሊፕስ ኩባንያ በ1963 ለዓለም ያቀረበው ይህ ትንሽ ሣጥን 3.81 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቴፕ የያዘ ሲሆን፣ ቴፑ በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። የቴፑ ጥበትና የፍጥነቱ ዝግታ የድምፁን ጥራት ይቀንሳሉ፤ በቴፑ ላይ የማያቋርጥ ሽሽታም ይሰማል። በዚህ ምክንያት በመጀመሪያ ለንግግር መቅጃ እንጂ ለሙዚቃ ይሆናል ተብሎ የታሰበ አልነበረም። ይሁን እንጂ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ በኪስ ይያዛል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መስሚያው መሣሪያ ራሱ መቅጃም ነው። ሸክላ አጫዋች ያለው ሰው መስማት ብቻ ይችል ነበር፤ ቴፕ ሪከርደር ያለው ሰው ግን መስማትም መቅዳትም ቻለ።

በኢትዮጵያ ካሴት ሸክላን እየተካ የሄደው በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ማለትም ከ1974ቱ የመንግሥት ለውጥ ጋር በአንድ ወቅት ነበር። የሰዓት እላፊው ገደብ የሌሊቱን ሕይወት በአጠረበት በዚያ ዘመን ሙዚቃ ከአደባባይ ወደ ቤት ገባ። የሙዚቃ ቤቶች ካሴት አባዝተው ይሸጡ ነበር፤ አድማጩም ከወዳጁ ተውሶ በቤቱ ይገለብጥ ነበር። የማባዛቱ ቅለት ባለሙያውን ከገቢው እንደጎዳው አይካድም። ሆኖም ያው ቅለት ከገበያ ውጭ ለነበሩ ባለዜማዎች አንድ በር ከፍቷል።

የመነኩሲቱ ካሴቶች

በዚህ በር ከገቡት አንዷ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ የሆኑት እማሆይ በ1923 በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ የልጅነት ስማቸው የውብዳር ነበር። በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ ከአውሮፓ ሙዚቃ ጋር የተዋወቁትም በዚያ ነው። በፋሽስት ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ጣሊያን ተግዘው በአሲናራ ደሴት፣ በኋላም በኔፕልስ አቅራቢያ በምትገኘው በመርኮልያኖ ቆዩ። ከነፃነት በኋላ በካይሮ ከፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። በዚያ ወቅት በቀን ዘጠኝ ሰዓት፣ አራቱን ለፒያኖ አምስቱን ለቫዮሊን እየሰጡ እንደሚለማመዱ በሕይወት ታሪካቸው ተመዝግቧል።

ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው ከፍ ያለ የሙዚቃ ትምህርት የመከታተል ዕድል ቢያገኙም ፈቃድ በመከልከላቸው ዕድሉ ከሸፈ። ከዚህ በኋላ ዓለምን ትተው በወሎ ወደምትገኘው ግሸን ማርያም ገዳም ገቡ፤ በሃያ አንድ ዓመታቸው መንኩሰው ዐሥር ዓመት ያህል በዚያ ተቀመጡ። ወደ አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ እንደገና ፒያኖ መጫወትና መድረስ ጀመሩ። በ1960ዎቹ በጀርመን የታተሙት ሸክላዎቻቸው የፒያኖ ድርሰቶቻቸውን የያዙ ሲሆን፣ ገቢያቸውም ለወላጅ አልባ ሕፃናት መርጃ እንዲውል ተደርጓል።

እስከዚህ ድረስ የሚታወቁት በፒያኖ ደራሲነታቸው ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግን እማሆይ በአዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ሌላ ሥራ እየሠሩ ነበር። በቤት የሚገኘውን ተራ ቴፕ ሪከርደር ከፒያኖው አጠገብ አስቀምጠው፣ ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው ደርሰው፣ ራሳቸው ፒያኖውን እየተጫወቱ በአማርኛ ዘፈኑ። የዘፈኖቹ ጉዳይ አገር፣ ናፍቆት፣ ስደትና የሰው ልጅ ኀዘን ነው። የሚያስደንቀው ነገር ዘፋኟ ስለ ስደት የዘፈኑት ገና በአገራቸው ሳሉ መሆኑ ነው። ብዙ ወዳጅ ዘመድ በታሰረበት፣ በሞተበትና በተሰደደበት ዘመን በራስ ቤት ተቀምጦም አገርን መናፈቅ እንደሚቻል እነዚያ ካሴቶች ይመሰክራሉ። እናታቸው ካረፉ በኋላ በ1984 እማሆይ ራሳቸው ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፤ በዚያው በደብረ ገነት የኢትዮጵያ ገዳም ሲኖሩ ቆይተው በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከድምፅ ቀረፃ ሙያ አንፃር ካሴቶቹ በጉድለት የተሞሉ ናቸው ሊባል ይችላል። በቤት ቴፕ ሪከርደር ውስጥ አብሮ የተሠራው ትንሽ ማይክሮፎን ሁሉንም ድምፅ ሳይለይ ይሰበስባል። የእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ የድምፅ መጠን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የሚስተካከል ነው፤ ተጫዋቹ ሲያበረታ መሣሪያው ድምፁን ይጫነዋል፤ ጸጥታ ሲሆን ደግሞ መቀበያውን ከፍ ስለሚያደርግ በክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ይሰማል። በእማሆይ ቅጂዎችም ከዜማው ጋር በመስኮት በኩል የሚገባው የወፎች ጫጫታና የፒያኖው መቀመጫ ሲጥታ አብረው ይሰማሉ። ዘፈኑንና ፒያኖውን ለይቶ ማስተካከል አይቻልም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ በአንድ ማይክሮፎን ገብተዋልና። ስሕተት ቢኖር ያለው መንገድ ከመጀመሪያው መድገም ብቻ ነው።

ይሁንና እነዚህን ድምፆች በሙሉ ጉድለት ብሎ መጥራት የቅጂውን ምንነት መሳት ይሆናል። በስቱዲዮ የሚሠራ ባለሙያ የክፍሉን ድምፅ የሚያስወግደው ዜማው ከቦታና ከጊዜ ነፃ ሆኖ እንዲሰማ ነው። በቤት የተቀዳው ግን የተቀዳበትን ቤትና ሰዓት ይዞ ይቀራል። የታሪክ ምሁር እንዲህ ያለውን ቅጂ እንደ ማስረጃ ቢመለከተው፣ ስለዚያ ዘመን የቤት ኑሮ ከብዙ የጽሑፍ ሰነዶች የማያገኘውን ነገር ያገኝበታል።

መቅዳትና መፈጸም

ሆኖም ካሴት መቅዳት ብቻውን አልበም መፈጸም አይደለም። በአንድ ቤት ውስጥ የተከማቸ ቅጂ አልበም የሚሆነው ሦስት ነገሮች ሲሟሉለት ነው። የመጀመሪያው ምርጫና ቅደም ተከተል ነው፤ አንዱን ዘፈን ደጋግሞ ከቀዱት ውስጥ የትኛው እንደሚቀር፣ የትኛው ዘፈን ቀድሞ የትኛው እንደሚከተል መወሰን አለበት። ሁለተኛው ስምና ቀን ነው፤ የዘፈኑ ርእስ፣ የደራሲው ማንነት፣ የተቀዳበት ቦታና ጊዜ በማይጠፋ ጽሑፍ መመዝገብ አለበት። ሦስተኛው ርክክብ ነው፤ ሥራው ለአድማጭ ወይም ቢያንስ ለሚጠብቀው አካል መድረስ አለበት። በድርጅት ሥራ እነዚህን የሚያከናውኑት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በቤት የሚሠራ ባለዜማ ግን ሁሉንም ብቻውን መሸከም ስላለበት፣ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ ይቀራል።

የእማሆይ ዘፈኖች ሦስቱም እስኪሟሉላቸው አርባ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። የፒያኖ ሥራቸው በ2006 ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሃያ አንደኛ ቁጥር ሆኖ በወጣ ጊዜ ዓለም ዐወቃቸው፤ በ2013ም የፒያኖ ድርሰቶቻቸው ኖታ በኢየሩሳሌም በመጽሐፍ ታተመ። በድምፃቸው የዘፈኗቸው ካሴቶች ግን ለሕዝብ የደረሱት ካረፉ አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በ2024 መጀመሪያ፣ የአሜሪካው ሚሲሲፒ ሬከርድስ «ሱቬኒርስ» በሚል ርእስ በአልበም ባሳተማቸው ጊዜ ነው። ቴፖቹ በዚያ ሁሉ ዘመን ባይጠበቁ ኖሮ፣ ኢትዮጵያ አንዲት ባለዜማ እንደነበረቻት ባላወቀች ነበር፤ የምታውቃቸው በፒያኖ ተጫዋችነታቸው ብቻ በሆነ ነበር።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸረው የኃይሉ መርጊያ ሥራ ነው። በ1946 በደብረ ብርሃን የተወለዱት ኃይሉ መርጊያ አኮርዲዮን በራሳቸው ጥረት የተማሩ፣ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ያገለገሉ፣ በ1970ዎቹም በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ መሪ ነበሩ። ባንዱ በ1975 «ትዝታ» የተሰኘውን በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ካሴት፣ በ1977 ደግሞ «ቼ በለው» የተባለውን አልበም አውጥቷል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባንዱ ወደ አሜሪካ ለጉዞ ሲሄድ ከፊሉ አባላት ተመለሱ፤ ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ሌሎቹ በዚያው ቀሩ።

በ1985 ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ ስቱዲዮ ብቻቸውን አንድ ካሴት ሠሩ። ባንድ አልነበራቸውም፤ የከበሮውን ምት የሚሰጣቸው መሣሪያ ነበር። በዚያ ላይ የኤሌክትሪክ ፒያኖውንና ሲንተሳይዘሩን ተጫወቱ፤ ዋናውን ዜማ ደግሞ የልጅነት መሣሪያቸው ለሆነው አኮርዲዮን ሰጡ። የድሮውን የአገር ቤት ዜማ በዚያ ዘመን አዲስ ከነበረው መሣሪያ ጋር ያዋሐደው ይህ ሥራ «ሸሞንሟናዬ» ተብሎ ለኢትዮጵያ ገበያ ቀረበ። እማሆይ በአንድ ማይክሮፎን ፊት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሲቀዱ፣ ኃይሉ መርጊያ አንዱን ድምፅ በሌላው ላይ እየደረቡ አንድ ሰው ሙሉ ባንድ መሆን እንደሚችል አሳዩ።

ይህ ሥራ በተሠራበት ዓመት ተፈጽሟል፤ ርእስ ነበረው፣ ስም ነበረው፣ ገበያም ደርሶ ነበር። ሆኖም ባለሙያው ከጊዜ በኋላ መድረኩን ትተው በዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ በታክሲ ነጂነት ብዙ ዓመት ሠሩ፤ ደንበኛ በሚጠብቁበት ሰዓት በመኪናቸው የሚይዙትን ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ካሴቱን ከሙዚቃ መደብር አግኝቶ የወሰደው አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮዊትዝ ሲሆን፣ ያገኘውም በባሕር ዳር ነው። በካሴቱ ላይ የባለሙያው ስም ተጽፎ ስለነበር ፈልጎ አገኛቸው፤ በ2013ም ሥራው እንደገና ታተመ። ኃይሉ መርጊያ ወደ ሰባ ዓመት በተጠጋ ዕድሜ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 አዲስ አልበም፣ በ2020ም «የኔ ምርጫ» የተሰኘውን አወጡ። አንድን ባለሙያ ከታክሲ ወደ መድረክ የመለሰው በካሴት ሽፋን ላይ የታተመ ስም ነው ማለት ማጋነን አይሆንም።

የሕጉና የጥበቃው ጉዳይ

በዚህ ረገድ ሕጉም የሚናገረው አለው። የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጽሑፍና የኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤትነትን ደንግጎ የነበረ ሲሆን፣ በ2004 የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ የደራሲን፣ የከዋኝንና የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰርን መብት ለያይቶ አስቀምጧል። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት፣ የከዋኙና የፕሮዲዩሰሩም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። በቤቱ ደርሶ፣ በቤቱ ዘፍኖ፣ በቤቱ የሚቀዳ ባለዜማ ሦስቱንም መብቶች በአንድ እጁ የያዘ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ስምና ቀን የሌለው ቅጂ በክርክር ጊዜ ለባለቤቱ ደካማ ምስክር ይሆናል፤ ወራሾቹም የሚጠይቁበት መሠረት ይሳሳባቸዋል።

መብቱ ቢጸናም ቴፑ ራሱ ካልጸና ጥቅም የለውም። በቴፕ ላይ ድምፁን የያዘው ማግኔታዊ ዱቄት የተጣበቀበት ማያያዣ በሙቀትና በእርጥበት ይላቀቃል፤ ቴፑ ይጣበቃል ወይም ይላጣል። የማጫወቻው መሣሪያና መለዋወጫውም ከገበያ እየጠፋ ነው። በዚህ ምክንያት ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር በ2019 ስለ ማግኔታዊ ቴፕ ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል፤ መልእክቱም ወደ ዲጂታል ያልተዛወረ ቅጂ የሚጫወትበት መሣሪያ እስከ 2025 ገደማ ሊታጣ ይችላል የሚል ነበር። ያ ዓመት ደርሷል። ባለሙያው ማኅበር እንዲህ ያለ ቴፕ ሲዛወር ቢያንስ በ48 ኪሎ ኸርትዝና በ24 ቢት፣ ሳይጨመቅ እንዲቀመጥ ይመክራል። በአዲስ አበባ፣ በጎንደር ወይም በደሴ በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ካሴት ስለዚህ ምክር አያውቅም፤ ማወቅ ያለበት የሙያው ሰው ነው።

የነፋስ ስልክ ልጆች

በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ስያሜ ለዚህ ነገር ተስማሚ ትምህርት ይሰጣል። «የነፋስ ስልክ» ሕዝቡ ያለ ሽቦ በአየር ለሚተላለፈው መልእክት የሰጠው ስም ነው፤ ቃሉ ያን ጊዜ የነበረውን አድናቆት እስከ ዛሬ ይዞ ኖሯል። ዛሬ በዚያው ክፍለ ከተማ፣ በጀሞ ወይም በለቡ የጋራ መኖሪያ ቤት፣ አንድ ወጣት ባለዜማ በአንድ ክፍል ውስጥ ብርድ ልብስ በመስኮት ላይ ሰቅሎ፣ ኮምፒዩተርና አንድ ማይክሮፎን ይዞ፣ የጎረቤቱ ቡና ውቀጣና የታክሲው ጥሩምባ ፋታ እስኪሰጠው እየጠበቀ አልበም መሥራት ይችላል። መብራት ሲሄድ ሥራው ይቋረጣል፤ ሲመለስ ይቀጥላል። እማሆይ ያልነበራቸውን ሁሉ ይዟል፤ ድምፁን ከመሣሪያው ለይቶ ማስተካከል፣ የተሳሳተውን ቆርጦ መጣል፣ በዚያው ሌሊት በነፋሱ ስልክ ለዓለም መልቀቅ ይችላል።

ይሁንና የዚህ ወጣት ሥራ ከእማሆይ ካሴት ይልቅ ዕድሜው የረዘመ ይሆናል ብሎ መተማመን አይቻልም። ኮምፒዩተር ይሰረቃል፣ ማኅደረ ትውስታው ይበላሻል፣ ዘፈኑ የተለቀቀበት አገልግሎት ይዘጋል። ካሴት ሲያረጅ በዝግታ ነው፤ ጥራቱ እየቀነሰ ቢሄድም የተወሰነ ድምፅ ይተርፋል። የዲጂታል ቅጂ ግን ሲጠፋ አብዛኛውን ጊዜ በሙሉ ይጠፋል። «የመጨረሻው»፣ «አዲሱ የመጨረሻ» እየተባሉ በተከማቹ ቅጂዎች መካከል ባለዜማው ራሱ ከአምስት ዓመት በኋላ ሥራውን ለይቶ ለማግኘት ይቸገራል። ከዚህም የተነሣ ከላይ የተጠቀሱት ሦስት ነገሮች፣ ማለትም ምርጫ፣ ስምና ቀን፣ እንዲሁም ርክክብ፣ በዚህ ዘመን አስፈላጊነታቸው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ለሙያው ባልደረቦች ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ተግባር ከባድ አይደለም። ስቱዲዮ ያለው ባለሙያ በየዓመቱ ጥቂት የቤት ካሴቶችን ያለ ክፍያ ሊያዛውር ይችላል። የሚያስተምር ባለሙያ ለተማሪው ማይክሮፎን አያያዝ በሚያስተምርበት ሰዓት ስለ ሽፋኑ ጽሑፍም ሊያስተምር ይችላል። ቅጂውን ለማኖር ደግሞ በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ወመዘክር የመሳሰሉ በር የሚንኳኳባቸው ቤቶች አሉ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ካሴቱን የያዙት ቤተሰቦች ሳይጥሉት መድረስ ያስፈልጋል። የእናታቸውን ወይም የአጎታቸውን ድምፅ የያዘ ቴፕ ያላቸው ሰዎች ዛሬ በሕይወት አሉ፤ በቴፑ ላይ የሚሰማው ማን እንደሆነ፣ ዘፈኑ ለምን እንደተደረሰና በየትኛው ቤት እንደተቀዳ የሚያውቁትም እነርሱ ናቸው። መጀመሪያ መጠየቅ የሚገባው ይህ ነው፤ መልሱም በዚያው ዕለት በሽፋኑ ላይ በእርሳስ ሳይሆን በቀለም መጻፍ አለበት።